ራንዶሪ ምንድን ነው?

ልጆች ሆነን ሰፈራችን ውስጥ እግሩን ከወገቡ በላይ ያነሳ ሰው ሁሉ «ካራቲስት» ነበር። ቴኳንዶ ይሥራ፣ ውሹ ይሥራ፣ ቪዲዮ ቤት ያየውን ይድገም፣ ለኛ ያው ካራቴ ነው። ጠብ ሲነሳም «ተወው ባክህ፣ ካራቴ ይችላል» ይባላል። የማያልቅ ክርክርም ነበረን። ከካራቴና ከቴኳንዶ የቱ ይበልጣል? ጁዶና ቦክስ ቢገጥሙስ? እስኪመሽ ተጨቃጭቀን ሳይቋጭ ወደየቤታችን እንገባለን።

ዛሬ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ሲያመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ራንዶሪ አላቸው ወይ?

ቃሉ የጃፓን ነው፣ የጁዶ ሰዎች ቃል። «ራን» ማለት ትርምስ ነው፣ «ዶሪ» ደግሞ መያዝ። በትርምስ መሃል መያያዝ እንደማለት። በተግባር ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች አንገትጌና እጅጌ ይያያዛሉ። አንዱ ለመጣል ይሞክራል፣ ሌላው እንዳይወድቅ ይታገላል፣ ከቻለም ይቀድመዋል። ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ አልተነጋገሩም። ነጥብ የሚይዝ ዳኛም የለም። ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ይታገሉና ጎንበስ ብለው ተመሰጋግነው ሰው ይቀይራሉ። ስለዚህ ውድድር አይደለም፣ ትርኢትም አይደለም። ልምምድ ነው፣ ግን እምቢ የሚል ሰው ያለበት ልምምድ።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ «እና ይሄ ትግል አይደል እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ከብት ሲጠብቅ ከጓደኛው ጋር ወገብ ለወገብ ተያይዞ ሲታገል የዋለ እረኛ፣ ስሙን ባያውቀውም ራንዶሪ ሲሠራ ነው የዋለው። ለዚህም ይመስለኛል ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት በባዶ አየር ላይ ሲራገጥ የከረመ ልጅ ለበዓል ገጠር ሲሄድ በአጎቱ ልጅ ተጠልፎ የሚወድቀው።

ራንዶሪን የትምህርቱ እምብርት ያደረገው ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በ1860 ተወለደ። ትምህርት ቤት ሳለ ቀጫጫና አጭር ስለነበር ጉልበተኞች መጫወቻ አደረጉት። በ1877 ጁጁትሱ፣ ማለትም ጁዶ የወጣበትን የጥንት የጃፓን ትግል፣ የሚያስተምር ሰው አገኘ፣ ፉኩዳ የሚባል። አንድ ቀን ፉኩዳ አንስቶ ይጥለዋል። ካኖ ተማሪ ነዋ፣ «እጄን የት ላድርግ? እግሬንስ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ «ና» ይለውና ደግሞ ይጥለዋል። ሲነሳ እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ይወድቃል። በመጨረሻ ፉኩዳ የነገረው፣ ይህ ነገር በማብራሪያ አይገባም፣ ደጋግመህ ስትሠራው ነው የሚገባህ የሚል ነበር።

ካኖ ግን ማብራሪያውንም አልተወም። በኋላ ሌላ መምህር ያዘ፣ ኢኩቦ ይባላል፣ በመጣል የተካነ ሰው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ቢሆንም ካኖ ሊጥለው አይችልም፣ ሁልጊዜ የሚወድቀው ወጣቱ ነበር። አንድ ቀን ግን ነገሩ ተገለበጠና ወጣቱ መምህሩን ይጥለው ጀመር። ኢኩቦ ምን እንዳገኘ ሲጠይቀው፣ ከመጣሉ በፊት የሰውየውን ሚዛን ማሳቱን እያጠና እንደነበር ነገረው። የጁዶ ሰዎች ይህን «ኩዙሺ» ይሉታል። ሰው በሁለት እግሩ ተመቻችቶ ከቆመ አይወድቅም። መጀመሪያ ትንሽ ታነቃንቀዋለህ፣ ክብደቱ ወደ ተረከዙ ወይም ወደ ጣቶቹ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ነው የምትጥለው። ከሚታገልህ ሰው ጋር ካልሠራህ ደግሞ ይህን አታገኘውም። ዝም ብሎ የሚቆምልህ ሰው ሚዛኑን አይደብቅማ።

በ1882 ካኖ ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ የራሱን ቤት ከፈተ፣ ስሙን ኮዶካን አለው። 12 ምንጣፍ የሚነጠፍባት ክፍል ናት፣ ስፋቷ 20 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ዕድሜው ገና 21። መነኮሳቱ በወለሉ መንቀጥቀጥ ይማረሩ ነበር ይባላል። ቢማረሩስ ምን ይፈረዳል!

ነፃ ትግልን ካኖ አልፈጠረውም፣ እሱ በተማረባቸው ቤቶችም ነበር። ብዙዎቹ የጥንት ጁጁትሱ ቤቶች ግን በዋናነት የሚያስተምሩት በካታ ነው፣ ማለትም ጥቃቱም መልሱም አስቀድሞ ተወስኖ፣ ሁለት ሰው እንደ ተውኔት በሚሠራው ቅንብር። የካኖ ብልሃት የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ቡጢውን፣ እርግጫውን፣ ጣት መጠምዘዙን፣ በሙሉ ጉልበት ቢሠራ ሰው የሚያሰናክለውን ሁሉ ከነፃ ትግሉ አወጣና ወደ ካታ አዞረው። ለራንዶሪ የቀረው መጣል፣ መሬት ላይ አፍኖ መያዝ፣ ማነቅና ክንድ መቆለፍ ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ ጁዶን ያለሰለሰው ይመስላል። የሆነው ተቃራኒው ነው። ዓይን መጠንቆልን በእውነት የተለማመደ ማን አለ? ማንም። ጓደኛህ በሳምንት ዓይኑ ይጠፋል፣ ስለዚህ ሁሌም ከፊቱ አንድ ስንዝር ላይ ታቆመዋለህ። የሚያቆም እጅ ደግሞ መምታት ሲገባውም መቆም ይለምድበታል። መጣልን ግን በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ፣ በሙሉ ኃይልህ፣ መውደቅ በማይፈልግ ሰው ላይ ትሠራዋለህ፣ ነገም ሁለታችሁም ጤነኛ ሆናችሁ ትመጣላችሁ። «ገዳይ ቴክኒክ» ከሚያውቅ ሰውና ሺህ ጊዜ ሰው ከጣለ ሰው የቱን ትፈራለህ? እኔ ሁለተኛውን።

ይህን በንድፈ ሐሳብ አይደለም ያወቅሁት። አዲስ አበባ ቴኳንዶ ስሠራ ነው ያደግሁት፣ እግሬ ይወጣል፣ ፖምሴዬ (የቴኳንዶ ካታ በሉት) ቆንጆ ነበር። ከአገር ከወጣሁ በኋላ አንድ የጁዶ አዳራሽ ገባሁ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት መውደቅ ብቻ ነው ያስተማሩኝ፣ «ኡኬሚ» ይሉታል። አገጭህን ደረትህ ላይ ታደርጋለህ፣ ጭንቅላትህ ወለል እንዳይነካ። በክንድህ ምንጣፉን ጧ ታደርገዋለህ። በሁለተኛው ሳምንት ሰልችቶኝ ነበር። ከዚያ ራንዶሪ ተፈቀደልኝና አንድ ሆዱ ገፋ ያለ፣ አገር ቤት ቢሆን «ጋሼ» የምለው ሰው ገጠመኝ። አንገትጌዬን ያዘ። የጁዶ ልብስ ጨርቁ እንደ ጋቢ ድርብ ነው፣ ከተያዘ አያመልጥም። ሰውየው ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበኝ፣ እኔም አልሳብም ብዬ ወደ ኋላ ገፋሁ። ለካ እሱ የሚፈልገው ወደ ኋላ እንድገፋ ነው። አብሮኝ ወደ ኋላ መጣ፣ ተረከዜን ከውስጥ ጠለፈ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አየሁ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ያንን አምፖል አራት ጊዜ አየሁት። በአራተኛው ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ግን ማወቄ አልጠቀመኝም። ሰውየው ላብ እንኳ አላላበውም። በየጊዜው እጄን ይዞ ያነሳኛል፣ ፈገግ ይላል፣ ደግሞ ይጥለኛል። ያን ለት ለሁለት ሳምንት ስላወዳደቁኝ ሰዎች ጸለይኩ።

እንዲህ ስል ካታን የማጣጥል እንዳይመስላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ካታ ዳዊት መድገም ነው። ፊደሉ፣ ቃሉ፣ ትንፋሹ እዚያ ይገባል። ራንዶሪ ደግሞ ቅኔ መቁጠር ነው። የትናንቱን ደግመህ አታቀርብም፣ ዛሬ የራስህን ትቆጥራለህ፣ መምህሩ ፊት ትነግራለህ፣ ከተበላሸ ይታረማል። ዳዊት ያልደገመ ቅኔ ቤት ቢገባ ይቸገራል፣ ዳዊት ብቻ ደግሞ የቀረ ግን ባለቅኔ ነኝ አይልም። ካራቴን ከኦኪናዋ በ1922 ወደ ቶኪዮ ያመጣው ጊቺን ፉናኮሺ በወጣትነቱ በሦስት ካታ ብቻ አሥር ዓመት መቆየቱን ጽፏል። ነፃ ፍልሚያንም አይወድም ነበር። ተማሪዎቹ ግን አላስቻላቸውም፣ ፍልሚያውን አመጡት፣ ዛሬ ካራቴ ያለ ፍልሚያ አይታሰብም።

ካኖና ፉናኮሺ ይተዋወቁ ነበር። ካኖ ኮዶካን ድረስ ጋብዞት፣ ፉናኮሺ እዚያ ካራቴን አሳይቷል። እኛ ቴኳንዶ ቤት የምንጓጓላት ጥቁር ቀበቶም ዘሯ ከዚያው ነው። የዳን ማዕረግን፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶን ደረጃ፣ ካኖ በ1883 ለሁለት ተማሪዎቹ ሰጠ፣ ፉናኮሺ በ1924 ለካራቴ ወሰደው፣ ከዚያ ወደ ኮሪያ ተሻገረ። ካኖ በኋላ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ፣ በ1938 ካይሮ ስብሰባ ተካፍሎ ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞተ። ጁዶ ኦሎምፒክ ላይ ሲገባ፣ ቶኪዮ 1964፣ አላየውም። ይህ እንኳ ከጉዳዬ ውጪ ነው፣ ግን ባልነግራችሁ ይቆጨኛል።

ራንዶሪ በጁዶ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ቦክሰኞች «ስፓሪንግ» ይሉታል፣ ቴኳንዶ ቤት «ፋይት» እንለዋለን። የብራዚል ጁጁትሱ ሰዎች መሬት ላይ ተንከባለው ይሠሩታል። እነሱ እንዲያውም የካኖ የልጅ ልጆች ናቸው። ማኤዳ የሚባል የኮዶካን ሰው በ1914 ብራዚል ደረሰ፣ ከሱ የተማሩት ግሬሲዎች የትግሉን መሬት ላይ ያለ ክፍል እየሠሩ አሳደጉት። በኅዳር 1993 ዴንቨር ላይ የመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ የተለያየ የፍልሚያ ስልት ያላቸው ሰዎች የሚገጥሙበት ውድድር፣ ሲካሄድ፣ ሰማንያ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ሮይስ ግሬሲ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው እጅ አሰጥቶ አሸነፈ። ብዙ ቡጢ አልሰነዘረም። ሰው ሳይፈልግ መሬት ላይ ማዋልን በየቀኑ ሲሠራው የኖረ ነበር።

ችግሩ የራንዶሪ ሕግ ሰውነትህን ይቀርጸዋል። በወርልድ ቴኳንዶ፣ በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ማኅበር፣ ሕግ ፊት ላይ ቡጢ ክልክል ነው። ፊትህን በቡጢ የሚመታህ ከሌለ እጅህን ለምን ታነሳለህ? ከጊዜ በኋላ እጅ ወደ ወገብ ይወርዳል። ይህን ያወቅሁት አንድ ቦክስ ቤት በሙከራ ገብቼ፣ እጄን እንደለመድኩት ዝቅ አድርጌ ስዘል፣ ከኔ በአሥር ኪሎ የሚያንስ ልጅ አፍንጫዬ ላይ በግራ እጁ ሲያሳርፍብኝ ነው። በጣም ቀላል ምት ነበረች፣ እንባዬ ግን መጣ። ጁዶም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከ2010 ጀምሮ እግርን በእጅ መያዝ በውድድር እየተከለከለ መጣና ብዙ አዳዲስ ጁዶካዎች እግራቸውን ከሚይዝ ታጋይ ጋር ሲገጥሙ ይደናገጣሉ። ስለዚህ «ራንዶሪ አለው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ሕግ?» ማለትም ያስፈልጋል።

ሌላው ራንዶሪን የሚገድለው እልህ ነው። በየአዳራሹ አንድ አለ፣ ማክሰኞ ማታን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የሚያስመስል። አይወድቅም፣ ክንዱን እንደ ብረት ዘርግቶ ይይዛል፣ አንቀው ሲይዙት ምንጣፉን መታ መታ አድርጎ እጅ ከመስጠት ራሱን መሳት ይመርጣል። እንዲህ ያለ ሰው በዓመቱ የሚማረው ትንሽ ነው። ሳይሞክር ምኑን ይማራል? ካኖ ከጁዶ ሁለት መርሆች አንዱን አብሮ ማደግ ያለው ይህን አስቦ ይመስለኛል፣ ሰውነቱን ያዋሰህ ሰው ከተጎዳ ነገ ከማን ጋር ትሠራለህ? ታይላንድ ውስጥ በየጊዜው ሪንግ የሚገቡ የሙአይ ታይ (የታይ ቦክስ) ልጆች እርስ በርስ ሲለማመዱ እንደ ጨዋታ ነው፣ ይነካካሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ጉልበቱን ለውድድሩ ቀን ያስቀምጡታል። በተለይ ጭንቅላት የሚመታበት ስፖርት ላይ ይህ ግዴታ ነው። ሰው የወደቀ እለት ይነሳል፣ ጭንቅላቱን ደጋግሞ የተመታ ግን ጉዳቱ ዓመታት ቆይቶ ሊመጣበት ይችላል።

ልጃችሁን አንድ ቤት ልታስመዘግቡ ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋንጫና ሰርተፊኬት ለጊዜው እለፉት። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዛችሁ እዩ፣ በተለይ የመጨረሻዋን ሃያ ደቂቃ። ልጆቹ ከሚታገላቸው ልጅ ጋር ይሠራሉ? የወደቀው ስቆ ይነሳል ወይስ እያለቀሰ? ትልቁ ልጅ ከትንሹ ጋር ሲገጥም ጉልበቱን ይቀንሳል? ማስተሩስ ያያል ወይስ ስልኩን ይነካካል? ከዚያ ወጣ ሲል ጠጋ ብላችሁ፣ ልጄ ነፃ ፍልሚያ መቼ ይጀምራል በሉት። «መጀመሪያ መውደቅ ይማር፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ቀስ እያልን» ካላችሁ አስመዝግቡ። «የኛ ቴክኒክ በጣም አደገኛ ስለሆነ ፍልሚያ አንሠራም» ካላችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።