ቡና የሚያሸት፣ ሻይ የሚቀምስ መሣሪያ

ቡና፣ ሻይ፣ ወይንና ቢራ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በሠለጠኑ ቀማሾች ይፈተሻሉ። ዛሬ ይህን ሥራ የሚያግዙ ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች አሉ፤ ሽታን የሚለየው ኤሌክትሮኒክ አፍንጫና ፈሳሹን የሚመረምረው ኤሌክትሮኒክ ምላስ።

የአፍንጫው ሐሳብ መነሻ የሚባለው በእንግሊዝ የዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሪሽና ፐርሳውድና ጆርጅ ዶድ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። ለእያንዳንዱ ሽታ የራሱ ሴንሰር (ለውጥን የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ) አያስፈልግም። ጥቂት ሴንሰሮች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ብዙዎቹ ቲን ኦክሳይድን በመሰሉ ቁሶች የተሠሩ ናቸው። ግለው ሳሉ ጋዝ ሲያገኛቸው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅማቸው ይቀየራል። እያንዳንዱ ለብዙ ጋዞች የተለያየ ምላሽ ስለሚሰጥ፣ የሁሉም ምላሽ ተደምሮ የመጠጡ አሻራ ይሆናል። ምላሱ ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ ይነከራል። በጃፓን የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲው ኪዮሺ ቶኮ ከቅባት በተሠሩ ስስ ሽፋኖች የሠሩት የጣዕም ሴንሰር በዚህ ዘርፍ ታዋቂ ነው።

አሻራው ግን በራሱ የቁጥር ክምር ነው። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከምሳሌዎች የሚማርበት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ሞዴሉ፣ የሚማረው ደግሞ ከቀማሹ ነው። በተለመደው መለኪያ ልዩ ጣዕም ያለው የሚባል ቡና ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ነው፤ ነጥቡን የሚሰጡት ሰዎች ናቸው። እነሱ ካልተስማሙ ሞዴሉም ያንኑ መወላወል ይወርሳል። ስለዚህ መሣሪያው ቀማሹን ያባርረዋል የሚለው ስጋት አይዋጥልኝም። መቶ ናሙና ሲደረደር ግን ሰው ይደክመዋል፤ ማሽኑ አይደክመውም። ሻጋታን፣ ባዕድ ነገር መቀላቀልንና የአቆላል ደረጃን በመለየት ትልቅ እገዛ ያደርጋል።

ችግሮችም አሉ። እርጥበትና ሙቀት ንባቡን ያዛቡታል። ሴንሰሩ ሲያረጅ ምላሹ ይንሸራተታል። በወይንና በቢራ ላይ አልኮሉ ሌሎቹን ሽታዎች ይውጣቸዋል።

ለእኛ ከሁሉም የሚያሳስበኝ የናሙናው ምንጭ ነው። የታጠበ ቡና ብቻ እያየ የተማረ ሞዴል የሐረርን ደረቅ (ሳይታጠብ ከነፍሬው የሚደርቅ) ቡና ወይን መሰል ቃና ጉድለት ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል። ከሐረር፣ ከይርጋጨፌ፣ ከሊሙና ከጅማ የተሰበሰበ፣ የእኛው ቀማሾች ነጥብ የሰጡት ናሙና ያስፈልገዋል። አዲስ ምርት በገባ ቁጥርም እንደገና ሊፈተን ይገባል።