የሰማይ ወገብ ምንድን ነው?

የምድር ወገብን እስከ ሰማይ ብንለጥጠው የምናገኘው ክብ የሰማይ ወገብ ይባላል። በዓይን አይታይም፤ የት እንደሚያልፍ ማወቅ ግን ቀላል ነው። ከዋልታዎቹ በቀር የትም ብንቆም በትክክል ከምሥራቅ ተነሥቶ በትክክል ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ከፍታውን ለማግኘት ያለንበትን ኬክሮስ ከ90 መቀነስ ይበቃል።

አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ወገቡ በደቡብ በኩል በ81 ዲግሪ ያልፋል። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሚሸፍን፣ ከአናት አንድ ጭብጥ ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ማለት ነው። ምልክት ለሚፈልግ ሚንታካ አለ፤ ከኦሪዮን መቀነት ሦስት ኮከቦች ቀድሞ የሚወጣው። ወገቡ ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። በጥር መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አናት አካባቢ ይገኛል።

ከዋክብት የሚጓዙት ከዚህ መስመር ጋር ትይዩ ሆነው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ዋሽንግተን ላይ ግን ወገቡ 51 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በሰያፍ እየተንሸራተቱ ነው የሚወጡት። እዚያ ፈጽሞ የማይወጣው የደቡብ መስቀል እዚህ ከአድማሱ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በልዋጩ የሰሜን ኮከብ 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ተራራው ሊጋርደው ይችላል። ቴሌስኮፕ ለሚገዛም ይህ ቁም ነገር ነው፤ ዘንጋቸው ወደ ሰሜን ኮከብ አካባቢ መነጣጠር ካለበት ማቆሚያዎች አንዳንዶቹ እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ አይሉም።

ፀሐይ ወገቡን የምታቋርጠው መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ወይም 13 ገደማ ነው። ይህን የቴሌቪዥን ዲሽ ያለው ሁሉ ሳያውቀው ያየዋል። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚቆሙ ከአዲስ አበባ ሲታዩ ከሰማይ ወገብ 1.5 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ፀሐይም እዚያው ቦታ የምትደርሰው በመጋቢት 7 እና በመስቀል ሰሞን ነው። ያኔ የኢትዮሳት ቻናሎች ወደሚተላለፉበት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት የዞረ ዲሽ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይን ፊት ለፊት ያያል፤ የእሷ የሬዲዮ ጩኸት ሲግናሉን ስለሚውጠው ምስሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል። ኤልኤንቢውን (ከዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) መነካካት ያኔ ነው ጥፋቱ፤ ፀሐይ ስታልፍ ምስሉ በራሱ ይመለሳል፣ የተነቃነቀ ዲሽ ግን አይመለስም።