ድራኩላ እዚያ አልተቀበረም፦ ስለ ዊትቢ ቅድስት ማርያም የሚወራውና እውነቱ

ከሊድስ እንግዳ ይዤ የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ወደሆነችው ዊትቢ በሄድኩ ቁጥር፣ ገደሉ ላይ ወዳለችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን 199 ደረጃ ወጥተን ትንፋሻችን ሳይመለስ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «የድራኩላ መቃብር የቱ ጋ ነው?»

የለም! ድራኩላ የሚባል ሰው እዚያ አልኖረም፣ አልሞተም። ደራሲው ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1890 ለዕረፍት ዊትቢ መጥቶ፣ በ1897 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ያስገባው ደም መጣጭ ገጸ ባሕርይ ነው። በልብ ወለዱም ቢሆን የሚገደለው ትራንሲልቫኒያ ነው። ሰው ግን ስልኩን ይዞ በመቃብሩ መሀል ይሯሯጣል፤ የባሕር ነፋስ ጽሑፉን የበላው ድንጋይ ባየ ቁጥር «ይሄ ነው!» ይላል።

እዚያ ያረፉት መርከበኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። በፌብሩዋሪ 1861 በማዕበል የተያዙ መርከበኞችን ለማዳን የወጣች ጀልባ ተገልብጣ፣ ከ13 ቀዛፊዎች 12ቱ ሰጠሙ። የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ብቻ ነው፤ አዲሱን የቡሽ መንሳፈፊያ የለበሰው እሱ ነበር። ስለ እነዚህ ሰዎች የጠየቀኝ እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ይህ ያበሳጨኛል።

የባሕር አሳሹ ካፒቴን ጄምስ ኩክም እዚያ አልተቀበረም። የባሕር ሙያውን የተማረው ዊትቢ ነው፣ የተገደለው ግን በ1779 ሃዋይ ላይ ነው።

ጎን ያለውን ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያኗ አድርገው ፎቶ አንስተው የሚመለሱም አሉ። እሱ ገዳሙ ነው፤ በ1539 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ተዘጋ። የፋሲካ ቀን አቆጣጠር ክርክር በ664 የተፈታውም በዚያው ቦታ በነበረው ቀደምት ገዳም እንጂ በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ እሷ በ1110 ገደማ ነው የተሠራችው። ስለዚህ «አንግሊካን (ሄንሪ ከሮም የለየው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) ስለሆነች ሄንሪ ነው ያሠራት» የሚለውም አያስኬድም፤ እሱ ሲነሣ አራት መቶ ዓመት አልፏታል።

«ፕሮቴስታንት ስለሆኑ መቅደስ የላቸውም» የሚሉኝ ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው። መቅደሱ አለ። የሚከልለው በተጠማዘዙ ዓምዶች ላይ፣ ልክ ከፊቱ የተሰቀለው የቾምሊ ቤተሰብ መቀመጫ ነው። ባለርስቱ ከመቅደሱ ፊት ከፍ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ለእኛ ዓይን ይከብዳል፣ ግን የዚያ ዘመን ሥርዓት ነው። ሌላውም በር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ አንዳንዱ ላይ «ለእንግዶች ብቻ» የሚል ተጽፏል። እዚያ ግቡና ተቀመጡ። ከ1778ቱ ባለ ሦስት ደርብ መስበኪያ ጋር የተያያዙትን የማዳመጫ ቀንዶችም ፈልጉ፤ ጆሮዋ ለከበዳት ለአንድ ቄስ ሚስት የተሠሩ ናቸው። ስትወጡ ወደ ገደሉ ጠርዝ አትጠጉ፤ አፈሩ ይናዳል።