ስለ ሳንባ ካንሰር የፒዲ-ኤል-1 ምርመራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሳንባ ካንሰር ታማሚ ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ ሕክምና) ይጠቅመው እንደሆነ ለመገመት በቅድሚያ የሚታየው ፒዲ-ኤል-1 የተባለው ፕሮቲን ነው። ፓቶሎጂስቱ (ናሙና የሚመረምረው ሐኪም) ከእጢው ሕያው ሴሎች ስንት በመቶው ሽፋናቸው ላይ ይህን ፕሮቲን እንደያዙ በማይክሮስኮፕ ያያል። ባሕር ዳር ላይ ታማሚ፣ አስታማሚና አንዳንዴ ባለሙያም ይህን ቁጥር በተሳሳተ መንገድ ይረዱታል።

«ቁጥሩ ከፍ ካለ መድኃኒቱ በእርግጥ ይሠራል»

ቁጥሩ የሚናገረው ዕድልን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኪኖት-024 ጥናት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያላቸውን ታማሚዎች ብቻ ነበር የመረጠው። እንዲያም ሆኖ ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒት ወስደው እጢያቸው በግልጽ የቀነሰው 45 በመቶ ገደማ ናቸው፤ በኬሞቴራፒ 28 በመቶ ገደማ።

«አባባ ዜሮ ነው የወጣላቸው፤ በቃ፣ አይሠራላቸውም»

ኢሚውኖቴራፒ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ግን ቁጥራቸው ከ1 በመቶ በታች የሆኑትም ዕድሜያቸው እንደረዘመ ኪኖት-189 የተባለው ጥናት አሳይቷል። ደግሞም ዜሮው የእጢው ሳይሆን የናሙናው አያያዝ ውጤት ሊሆን ይችላል።

«ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ናሙናው አይበላሽም»

ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባዮፕሲው (ከእጢው የሚቆረጠው ናሙና) ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይወሰድ ጥበበ ግዮን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመጠኑ ቢያንስ አሥር እጥፍ በሆነ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑን በውሃ ብቻ ማቅጠን አይበቃም፤ እያደር አሲድ ይሆናል። ለአንድ ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ያልቀጠነ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌት ሞኖሃይድሬት እና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ፎስፌት ይቀላቀላል። አፈ ጠባብ የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም፤ ሥጋው ሲወጣ ይጨፈለቃል።

በፎርማሊን ውስጥ ቆይታው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና ሰኞ አውቶቡስ ተሳፍሮ ማክሰኞ አዲስ አበባ ቢደርስ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ እዚሁ በፓራፊን ብሎክ (ናሙናው በሰም ውስጥ ተቀብሮ) ተሠርቶ ብሎኩ ይላክ። የተቆረጠ ስላይድ ሲቆይ ቀለም የመቀበል አቅሙ ይደክማል፤ ብሎክም ከሦስት ዓመት ካለፈ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ሰሙ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ።

ስላይዱ ላይ ቢያንስ 100 ሕያው የካንሰር ሴል ከሌለ ትክክለኛው መልስ «ናሙናው አይበቃም» እንጂ «ኔጌቲቭ» አይደለም። ከአጥንት የተወሰደ ናሙና በአሲድ ከለሰለሰ ደግሞ በውጤቱ መተማመን ያስቸግራል።

«ፒዲ-ኤል-1 ብቻ ይበቃል»

አይበቃም፤ ይህ ስህተት ሰው ይጎዳል። ስኩዌመስ (አንዱ የሳንባ ካንሰር ዓይነት) ባልሆነው ዓይነት ኢጂኤፍአርና ኤኤልኬ የተባሉት ጂኖች አስቀድመው መታየት አለባቸው። በእነዚህ ጂኖች ላይ ለውጥ ያላቸው ታማሚዎች ፒዲ-ኤል-1 ከፍ ቢልም ኢሚውኖቴራፒ ብቻውን እምብዛም አይረዳቸውም፤ የሚበጃቸው በአፍ የሚወሰድ ኪኒን ነው። ቸኩሎ ኢሚውኖቴራፒ ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኦሲመርቲኒብ (የኢጂኤፍአር ኪኒን) መዞር ከባድ የሳንባ ብግነት የማስከተል ዕድሉን ይጨምራል።

«ለስሞል ሴልም ያስፈልጋል»

ስሞል ሴል ለተባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ሕክምናው በዚህ ቁጥር አይወሰንም።

«የደረት ፈሳሽ ተቀድቶ የሚደፋ ነው»

አይደፋ! ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይቀመጥ፤ ወዲያው ካልተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። በሴንትሪፊዩጅ (በሚያሽከረክር ማሽን) ዝቃጩ ተለይቶ ሴል ብሎክ (ሴሎቹ በሰም የተያዙበት ብሎክ) ይሠራበታል፤ በቂ የካንሰር ሴል ከተገኘበት ታማሚው ሁለተኛ ጊዜ በመርፌ ከመወጋት ይድናል። የጥያቄ ቅጹ ላይ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፣ ፎርማሊን የገባበት ሰዓት እና ታማሚው የወሰደው ሕክምና ይጻፍ።