ከዕፅዋት የሚዘጋጅ የመኖ ጭማሪ ምንድን ነው?

በድሬዳዋ ዶሮ አርቢዎች ዘንድ ከመኖ ጋር የሚደባለቁ እንደ ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት ያሉ የዕፅዋት ጭማሪዎችን «የተፈጥሮ አንቲባዮቲክ» ብሎ መጥራት ከሚገባው በላይ ተለምዷል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ከመኖው ጋር የሚያገኝ ዶሮ መድኃኒትም ክትባትም እንደማያስፈልገው በሙሉ እምነት ሲናገሩ ሰማሁ። ይህ አባባል መንጋ ያስጨርሳል።

አንቲባዮቲክ በዶሮ እርባታ ውስጥ ሁለት ሥራ ሲሠራ ኖሯል። አንዱ የታመመውን ማከም ነው። ሌላው በየዕለቱ በጥቂቱ ከመኖ ጋር እየተደባለቀ ጤነኛውን ዶሮ በፍጥነት ማሳደግ ሲሆን፣ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ በር ስለሚከፍት ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 የከለከሉት ይህን ሁለተኛውን ነው። ጦስኝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ «አማራጭ» ሲባሉም የሚተኩት ይህንኑ እንጂ ሕክምናውን አይደለም።

የዶሮን አንጀት እንደ ሐረር ጀጎል እናስበው። በጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ንጥረ ነገሮች በበሮቹ እንደቆሙ ዘበኞች ናቸው፤ ጎጂ ባክቴሪያ እንዳይበዛ ይከላከላሉ፣ ምግብም በደንብ እንዲፈጭ ያግዛሉ። ዶሮ ጨራሹን የፈንግል በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ግን በዋናነት በመተንፈሻ አካል ስለሚገባ ብዙውን ጊዜ ዘበኞቹ በቆሙበት በር አያልፍም። ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ የሚያመጣው ተውሳክ ደግሞ በበሩ ገብቶ ግንቡን ራሱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ በዚያን ጊዜ የዘበኛ ቁጥር ማብዛት የፈረሰውን ግንብ አያቆምም። ፈንግልን አስቀድሞ የሚከላከለው ክትባት ነው። ቫይረስ በመሆኑ እውነተኛው አንቲባዮቲክ እንኳ አይገድለውም፤ ታዲያ «የተፈጥሮው» በምን ኃይሉ ይገድለዋል?

ስለ መጠኑም መናገር ግድ ይላል። አንድ ዓይነት ጦስኝ እንኳ በበቀለበት አፈር፣ በተቆረጠበት ወቅትና በደረቀበት ሁኔታ የዘይቱ ይዘት ስለሚለያይ፣ «አንድ እፍኝ ለአንድ ኩንታል» የሚለው ምክር ምንም አይለካም። ዘይቱ በቀላሉ የሚተን በመሆኑ፣ ተፈጭቶ በድሬዳዋ ሙቀት በተከፈተ ከረጢት የከረመ ቅመም ሽታው እንጂ ጉልበቱ አይቀርለትም፤ ብዙ ጊዜ ሽታውም አብሮ ይጠፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሙቀት የጎዳው ዶሮ መኖ ስለሚቀንስ የጭማሪው መጠንም አብሮ መቀነሱ ነው፤ ይህን ለማካካስ ቅመሙን ማብዛት ሽታው ዶሮውን ከመኖው ይበልጥ ሊያርቀው ይችላል። ጉዝጓዙ ደረቅ፣ ውሃው ንጹሕ፣ አየሩ የሚዘዋወር በሆነ ቤት የጭማሪው ውጤት አነስተኛ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ቤቱ በደንብ ከተያዘ ዘበኛው የሚመልሰው ብዙ አይኖርምና።

ጭማሪውን ሊገዛ የሚፈልግ አርቢ ሻጩን የዋናውን ንጥረ ነገር መጠንና የተመረተበትን ቀን ይጠይቅ። በዶሮዎቹ ኩስ ላይ ደም ካየ ግን የቅመም ሻጭ ዘንድ ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን ይሂድ።