መለዮ ከእንጦጦ እስከ ሆለታ

«መለዮ» የሚለው ቃል «ለየ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ወታደርን «መለዮ ለባሽ» የምንለው ልብሱና ቆቡ ከየትኛው ክፍል እንደ ሆነና ከማን በታች እንደሚቆም ስለሚናገሩለት ነው። ይህ ምልክት እንዴት እንደ ተለወጠ ለማየት ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በቀድሞው ሥርዓት አንበሳ የገደለ ወይም ጀብዱ የፈጸመ ጦረኛ ከአንበሳ ጎፈር የተሠራ አንፋሮ ይደፋ ነበር። የአንበሳው ባይገኝ የጭላዳ ጎፈር ይተካ ነበር። ከፍ ያለው የራስ ማዕረግ ባለቤት ደግሞ «ራስ ወርቅ» የተባለውን የወርቅ የራስ ጌጥ የማሰር መብት ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ በአዘቦቱ ግን ነጭ ሻሽ አስረው ከላዩ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ያደርጉ ነበር። ዛሬም ስማቸው ሲነሳ በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ዘውዱ ሳይሆን ያ ባርኔጣ ነው።

ለውጡ ጎልቶ የታየው ከከተማዋ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሆለታ ነው። በምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መሪነት ተከፈተ። ማዕረግ በትምህርትና በደንብ የሚገኝ፣ ኮፍያም ከመንግሥት የሚታደል ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ከሆለታ ከወጡት ወጣቶች ጥቁር አንበሳ በተባለው ማኅበር የታገሉ ነበሩ። በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት ፀጉራቸውን ያሳደጉ አርበኞች ጎፈሬያቸው መለዮአቸው ሆነ። ከዚህ የሚበልጥ የክብር ምልክት በታሪካችን ያለ አይመስለኝም፤ ማንም አልሸለመውም፣ ማንም ሊገፈው አልቻለም።

አፄ ኃይለ ሥላሴ አሮጌውን ከአዲሱ አጋብተው፣ በታላላቅ በዓላት በአንበሳ ጎፈር የተከበበ ባርኔጣ ያደርጉ ነበር። ንጉሣዊው ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ሲሻር የዘውዱ ምልክት ከወታደሩ ኮፍያ ላይ ወረደ፤ አዲሱን መንግሥት ከመሩት አንዱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደግሞ የሆለታ ምሩቅ ነበሩ።

ዛሬ ቀይ ቦኔት ኮማንዶን፣ በኮፍያ ግንባር ላይ ያለ ወርቃማ ጥልፍ ከፍተኛ መኮንንን፣ ሰማያዊ ቆብ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪን ያሳውቃል። የካቲት 23 ሲደርስ ግን አንፋሮው ከየሳጥኑ ይወጣል፤ የልጅ ልጆች በአያቶቻቸው ጎፈር የአድዋን ቀን ያከብራሉ።