«ስንት ሚሊ ነው?» አትበሉኝ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋራዡን ከፍቼ ገና ቡናዬን ሳልቀምስ ስልክ ተደወለ። «ለቪትዝ የሞተር ስር ላሜራ ትሠራለህ አይደል? ስንት ሚሊ ነው?» ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ሁለት ሚሊ» አልኩት። «ኧረ! ሌላ ቦታ አራት ሚሊ አለ ብለውኛል» ብሎ ዘጋው።

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያደርኩበት ሳምንት የለም። ላሜራ፣ ሞተሩን ከስር ከድንጋይ የሚከልለው ዝርግ ብረት፣ እንደ ብርድ ልብስ በውፍረቱ የሚመረጥ ይመስላቸዋል። ጥፋቱ የደንበኛ ብቻ አይደለም፤ እኛም በሚሊ እየተፎካከርን ስለምንሸጥ ነው። እስቲ ዛሬ የሰለቸኝን ሁሉ ላውጣው።

«ወፍራም ከሆነ በቃ፣ ሌላው ትርፍ ነው»

የሁሉም አባት ይሄ ነው። ረጋ ብዬ ልያዘው።

መጀመሪያ ክብደቱ። ለትንሽ መኪና የሚሆን ከለላ 80 በ60 ሴንቲሜትር ነው እንበል። በ2 ሚሊ ብረት ከተሠራ 7 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። በ5 ሚሊ ከተሠራ ወደ 19 ኪሎ ይጠጋል። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከፊት ጎማዎቹ መሃል አንጠልጥሎ እንደመሄድ ቁጠሩት። መኪናዋ ድሮም ከመሬት 15 ሴንቲሜትር አልሞላችም፤ እናንተ ደግሞ ከፊት ጫናችሁባት። እንዳትመታ ብላችሁ ወደሚመታት ነገር አቀረባችኋት ማለት ነው።

ቀጥሎ ቅርጹ። የጣሪያ ቆርቆሮን አስቡት። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ አይሞላም፣ ግን አናጢው ሚስማር ሲመታ ላዩ ላይ ይሄድበታል። ያ ሞገድ ሞገዱ ነው የሚያጠነክረው። ዝርግ ቢሆን ኖሮ ገና ሲረግጠው ይጎብጥ ነበር። የሞተር ላሜራም እንደዚሁ ነው። ጠርዙ የታጠፈ፣ መሃሉ ላይ መስመር መስመር የወጣለት 2 ሚሊ ብረት፣ እንደ ትሪ ከተዘረጋ ወፍራም ብረት የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዋናው ግን ሦስተኛው ነው፤ ማንም የማይጠይቀኝም እሱን ነው። ላሜራው ምን ላይ ታስሯል?

አንድ ደንበኛ አሉኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ አያት አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ ኮሮላ ይነዳሉ። የሰፈራቸው በያጅ፣ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ ልጅ፣ 5 ሚሊ ላሜራ አስገባላቸው። ከፊት በኩል ራዲያተሩ ስር ያለችው ስስ ቆርቆሮ ላይ በሁለት ቡሎን አሰረው። ከኋላ ደግሞ በየደው። አንድ ቀን ኮብልስቶን መንገድ ላይ ጉብ ያለ ድንጋይ ነካቸውና «ጓ!» አለ። ወርደው አዩ። ላሜራው ጭረት ብቻ ነው ያለበት። በነጋታው ደውለው «አየህ? አንተ ሁለት ሚሊ ትላለህ፣ የኔ ምንም አልሆነም» አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በተጎታች መጡ። ዳገት ላይ ቀዩ የዘይት መብራት በርቶባቸው፣ ትንሽ ልሂድ ብለው፣ ሞተሩ መንኳኳት ጀምሮ።

ክሪክ አስገብቼ አነሳኋት። በላሜራውና በሞተሩ የዘይት መያዣ መካከል ጣቴን ልሰድ ሞከርኩ፤ አልገባም። ድንጋዩ ላሜራውን ሲመታው፣ ላሜራው አልታጠፈም፤ ስሷ ቆርቆሮ ናት የለቀቀችው። ያ ሁሉ ብረት እንዳለ ወደ ላይ ተነሳና የዘይት መያዣውን ገፋው። መያዣው አልተቀደደም፣ ጠብታም አላፈሰሰም። ወደ ውስጥ ገባ ብቻ። እዚያ ውስጥ ደግሞ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚመጥ ቱቦ አለ፤ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው፤ ወንፊቱ ከመያዣው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ወለሉ ወደ ላይ ሲጎብጥ ወንፊቱን አፈነው። አራት ሊትር ዘይት ሞልቶ ሞተሩ በጥም ሞተ። ሞተር ተከፍቶ ተሠራ። ላሜራው ግን ደህና ነበር፤ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ተደግፎ አለ፣ ደንበኛ «ስንት ሚሊ?» ሲለኝ አሳየዋለሁ።

ስለዚህ ላሜራ ልታስገቡ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ። የሚታሰረው ሞተሩንና የፊት እግሩን በሚሸከመው ወፍራም ብረት ላይ ነው? ፋብሪካው የተወውን የቡሎን ቀዳዳ ይጠቀማል ወይስ አዲስ ይበሳል? ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ላይ አስራለሁ የሚል ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ፤ ሞተር በላስቲክ ትራስ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ይወዛወዛል፣ ላሜራው ሲመታ ምቱ በቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ክፍተቱን ለኩ። ከዘይት መያዣው እስከ ላሜራው ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሴንቲሜትር። ለላሜራው መታጠፊያ፣ ለሞተሩ መወዛወዣ የሚሆን ባዶ ቦታ ነው። በመጨረሻ የፊት ጠርዙን እዩ። ከፓራውልቱ ጀርባ ወደ ላይ ሾለል ብሎ መግባት አለበት። ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከቀረ አካፋ ነው፤ ድንጋዩን ማንሸራተት ትቶ ይዝቀዋል።

አዎ፣ ውፍረትም ይጠቅማል፤ አልካድኩም። ግን ተራው አራተኛ ነው።

«አሉሚኒየም የድስት ብረት ነው»

ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ሶማሌ ተራ ዞረው፣ ዋጋውን ሰምተው፣ ደንግጠው የመጡ ናቸው። እሺ፣ ውድ ነው። ግን ለስላሳ ነው የሚለው ነገር ግማሽ እውነት ነው። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ከብረት ጋር ሲነጻጸር በሦስት እጥፍ ያህል ይተጣጠፋል። ነገር ግን ውፍረት እጥፍ ሲሆን ያለመታጠፍ አቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 4 ሚሊ አሉሚኒየም ከ2 ሚሊ ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ድርቅ ይላል። ክብደቱስ? ቅድም ባልነው ልክ 5 ኪሎ ብቻ፤ ብረቱ ግን 7 ተኩል ነበር።

ደካማ ጎኑ ሌላ ነው። ስለታም ድንጋይ ቶሎ ይቦጭረዋል። የብረት ቡሎን ሲነካው ደግሞ እርጥበት ባለበት ይበላዋል። ቀለም የተቀባ ወይም ዚንክ ያለው ቡሎን፣ ከስሩ ሮንዴላ። ይህን የማያደርግ ሰው ከሠራው ሁለት ክረምት ቆይታችሁ ቀዳዳው ሰፍቶ ታገኙታላችሁ። ከተማ ውስጥ ለምትነዱ፣ በቤንዚን ለምትጨነቁ አሉሚኒየም ጥሩ ነው። በየሳምንቱ የጠጠር መንገድ ለምትወጡ ብረት ይሁን።

«ፋብሪካው ፕላስቲክ አድርጎበታል፣ ይበቃል»

ያ ፕላስቲክ ለጭቃ፣ ለውሃ፣ ለድምፅና ለነፋስ ነው። ለድንጋይ አይደለም። ግን አትጣሉት።

«ይበየድ፣ ቡሎን ይላላል»

ይላላል። ለዚህ ነው ከተገጠመ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመለሱ የምላችሁ፤ ለዚህ ነው የማይላላ ዳዶ የሚባል ነገር የተሠራው። የተበየደ ላሜራ ለመፍታት ግን መቁረጫ ያስፈልጋል። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ልትቆርጡ ነው? ደግሞ ብየዳው ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ ዝገት ከዚያ ይጀምራል። የባትሪውን ገመድ ሳይነቅል መኪና ላይ የሚበይድ ሰው ኮምፒውተሯንም ሊያቃጥልላችሁ ይችላል።

«ሞተሩ ይታፈናል፣ ይግላል»

ይሄኛው ግማሹ ልክ ስለሆነ ነው የሚያናድደኝ። ሞተርን የሚያቀዘቅዘው ውሃውና ራዲያተሩ ነው። አየሩ ከፊት ይገባል። ግን የገባው አየር መውጫ ይፈልጋል፣ ብዙው የሚወጣው በስር በኩል ነው። ሙሉ በሙሉ ድፍን ላሜራ ከሆነ መውጫውን ዘጋችሁት።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ለአንድ የታክሲ ሾፌር ድፍን አድርጌ፣ ቆንጆ አድርጌ ሠራሁለት። ከሜክሲኮ መጨናነቅ ውስጥ ሆኖ ደወለልኝ፤ «ሙቀቱ እየወጣ ነው።» አመሻሹ ላይ መጣ፣ በነፃ ፈትቼ አየር መውጫ ከፈትኩለት። መውጫው እንደ ዓሣ ስንጥብ ሆኖ አፉ ወደ ኋላ መዞር አለበት። ወደ ፊት ከዞረ ውሃና ጠጠር ይለቅማል። ላሜራው ከማርሚታው ቱቦም ይራቅ። ያለ ላሜራም የምትግል መኪና ግን ላሜራ አስገብታችሁ እኔን አትውቀሱኝ፤ ራዲያተሯን አሳጥቡ።

«ላሜራ ካለ እፎይ»

እፎይ የለም። እንዲያውም አዲስ ጣጣ አለው። ድሮ መኪናዋ ካደረችበት ስትነሳ መሬቱ ላይ ጥቁር ጠብታ ታያላችሁ፣ «ዘይት ታፈሳለች» ብላችሁ ትመጣላችሁ። አሁን ጠብታው ላሜራው ላይ ይቀራል። አንዲት ደንበኛዬ ለወራት አላወቀችም። ስፈታው ላሜራው ላይ ዘይትና የክረምት ጭቃ ተቦክቶ እንደ ገንፎ ሆኖ ነበር። የዘይት መለኪያዋን አውጥታ ብታይ ኖሮ ያኔውኑ ይነቃ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ እዩ። መስከረም ላይ ደግሞ አስፈትታችሁ አሳጥቡ። የተጠራቀመ ጭቃ እርጥበት ይይዛል፣ ከውስጥ ያዝጋል። ገጠር ሣር ውስጥ ከነዳችሁማ ያኔውኑ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ደረቅ ሣር ከጋለ ማርሚታ አጠገብ ተሰክቶ ከቀረ እሳት ነው።

ለዘይት መቀየሪያ የሚተወው ቀዳዳም አለ። አንዳንዱ የፊልትሮውንም የማፍሰሻውንም ብሎ ግማሹን ላሜራ ይቆርጠዋል። ድንጋዩ በዚያ ይገባል። የተከፈተው ቦታ በትንሽ ክዳን ይዘጋ።

እግረ መንገዴን፦ ከስር ሲመታችሁ፣ ላሜራ ኖረም አልኖረም፣ ቁሙና ዝቅ ብላችሁ እዩ። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያውኑ አጥፉ። ያ መብራት የሚነግራችሁ ግፊት መጥፋቱን ነው፤ «ዘይት ትንሽ ቀነሰ» ማለት አይደለም። «እስከ ጋራዥ ልድረስ» ያሉ ሰዎች ናቸው የኔን ቤት ኪራይ የሚከፍሉት።

«በአደጋ ጊዜ ሞተሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል»

እንደ አሠራሩ ነው። አንዳንድ መኪና፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመርሴዲስ ኤ ክላስ፣ በግጭት ጊዜ ሞተሩ ተንሸራቶ ከወለሉ ስር እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው። እንደ ግድግዳ የተበየደ 5 ሚሊ ብረት ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና አልመኝለትም። በፋብሪካው ቀዳዳ የታሰረ ስስ ላሜራ ግን ያን ያህል አያስፈራም።

«የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ አይመታም፣ ላሜራ ምን ያደርግለታል?»

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቶብኛል። የሞተር ዘይት የለውም፣ እውነት ነው። ግን በጣም ውዱ ዕቃ፣ ባትሪው፣ ወለሉ ስር ተዘርግቷል። ከስሩ የራሱ ከለላ አለው። እሱን መብሳት፣ እሱ ላይ መበየድ፣ በጭራሽ! እሠራልሃለሁ የሚል ካለ ገንዘብ ቢከፍላችሁም እንቢ በሉ። ከፊት በኩል፣ ባትሪውን ሳይነካ፣ ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ የሚታሰር ከለላ ግን ይቻላል።

ሚሊ ለሚቆጥሩ ደግሞ ይችን ልንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ አንድ ቴስላ ሞዴል ኤስ መንገድ ላይ የወደቀ ብረት ረገጠ። ከባትሪው ስር የነበረው ከለላ 6 ሚሊ ገደማ ውፍረት ነበረው። ብረቱ በሳው፣ መኪናዋ ተቃጠለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው ያደረገው ያንኑ ከለላ ማወፈር አልነበረም። ከፊቱ ሦስት ነገር ጨመረ፤ የመጀመሪያው ውስጡ ባዶ የሆነ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው፣ የመጣውን ነገር ባትሪው ጋ ሳይደርስ እንዲያሽቀነጥረው። ጠንካራው የቲታኒየም ሳህን ከሱ ቀጥሎ ነው የመጣው።

የቅዳሜው ሰውዬ ሐሙስ መጣ። አራት ሚሊውን አስገጥሞ። «ሲነሳ ይንኳኳል» አለኝ። ክሪክ አስገብቼ አነሳኋት፣ ጣቴን ሰደድኩ፣ አልገባም። ሞተሩ ሲነሳ በተወዛወዘ ቁጥር ላሜራውን ያንኳኳው ነበር። ቡሎኖቹን ፈትቼ በየመሃሉ አጫጭር ቱቦ ቆርጬ አስገባሁ፣ ሁለት ተኩል ሴንቲ ክፍተት አገኘ። ድምፁ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ አየና «ዝቅ አለ እኮ» አለኝ።

«አለ» አልኩት። «ወፍራሙን የመረጥከው አንተ ነህ።»